የብርሃን ወሰንና የትርፍ ወሰን

ዕውቀትና ሀብት በአንድ ቤት ሲያድሩ ብዙ ጊዜ ሀብት ጌታ፥ ዕውቀት ሎሌ ይሆናል። በጀርመን አገር በኢየና ከተማ ያስተምር የነበረው ፕሮፌሰር ኤርንስት አቤ ግን ይህን ልማድ ገለበጠው።

አቤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. በአይዘናኽ ተወለደ። አባቱ በፈትል ፋብሪካ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ቆሞ ይሠራ ነበር፤ ሕፃኑ ምሳ ሲያመጣለትም ከመኪናው ተደግፎ ፈጥኖ ይጐርስና ዕቃውን ይመልስለት ነበር። ይህን ያየው ልጅ በትምህርቱ በርትቶ በ1863 በኢየና ዩኒቨርሲቲ መምህር፥ በ1870 ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1866 የማይክሮስኮፕ ሠሪው ካርል ዛይስ ርዳታውን ፈልጎ መጣ። እስከዚያ ዘመን የማይክሮስኮፕ ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በሙከራ ነበር፤ ባለእጁ ብርጭቆውን ይሞርዳል፥ ያጋጥማል፥ ካላማረው ይለውጣል። አቤ ግን ሁሉን አስቀድሞ በሒሳብ ሊወስን ተነሣ። በ1873 ባሳተመው ትምህርትም፥ ሌንስ ምንም ቢጠራ ከብርሃን ሞገድ ግማሽ ርዝመት ይልቅ የተቀራረቡትን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማሳየት እንደማይችል ገለጸ፤ ይህም የሚሊሜትር አምስት ሺሕኛ እጅ ያህል ነው። ሐኪሙ ሮበርት ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ረቂቅ ተሐዋሲ ያገኘው በአቤ ሒሳብ በተሠራ መሣሪያ ነው።

ፋብሪካው በለጸገ፤ አቤም ባለድርሻ ሆኖ እጅግ ከበረ። ዛይስ በ1888 ከሞተ በኋላ ግን አቤ በ1889 በባልንጀራው ስም የሚጠራ የጋራ ጥቅም ድርጅት አቆመ፤ በ1891ም ድርሻውን ለዚሁ አስረክቦ ራሱ በደመወዝ የሚያድር አስተዳዳሪ ሆነ። በ1896 በወጣው ደንብ የአስተዳዳሪ ደመወዝ ከሠራተኛው መካከለኛ ደመወዝ ዐሥር እጥፍ እንዳያልፍ ተወሰነ፤ ለሠራተኛውም የጡረታ መብት ተጻፈለት። በ1900 የሥራው ቀን ከ9 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት ወረደ፤ አቤም በ8 ሰዓት የሚወጣው ሥራ ከቀድሞው እንዳላነሰ በቍጥር አስረዳ።

አቤ በ1905 ዐረፈ። እርሱ ያገኘውን የብርሃን ወሰን ኋላ የተነሡ ሦስት ሊቃውንት በልዩ ዘዴ አልፈውት በ2014 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በገዛ ትርፉ ላይ ያኖረውን ወሰን ለማለፍ ግን ሊቅ መሆን አያሻም፤ የሚያስቸግረው መጠበቁ ነው።