ተቀባይ ያለው ዘፈን

ካራኦኬ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጥኩት ለትምህርት ጃፓን፣ ቆቤ ከተማ ከገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ታኅሣሥ ላይ፣ የቤተ ሙከራችን ልጆች «ቦኔንካይ» የሚሉትን የዓመት መዝጊያ ግብዣ በልተን ጠጥተን ስናበቃ «ወደ ቤት» ያለ አልነበረም። ጃፓኖች ግብዣን በአንድ ቤት አይጨርሱም፤ ሁለተኛ ዙር አለ። ሳንኖሚያ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ለአምስት ሰው በምትበቃ ክፍል ውስጥ ስምንት ወንዶች ተጠጋግተን ተቀመጥን።

እኔ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ማደሪያ ክፍሌን ዘግቼ ለሳምንታት ያጠናሁት ዘፈን ነበረኝ፤ የዘፋኙ የፉኩያማ ማሳሃሩ «ሳኩራዛካ»። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ የፍቅር ዘፈን ነው። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ይስማማኛል ብዬ፣ ግጥሙን በእኛው ፊደል ደብተሬ ላይ ገልብጬ፣ ልክ እንደ ዳዊት ደገምኩት።

ተራዬ ደረሰ። ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ዘፈንኩ። አንድም ቃል አልሳትኩም። ዓይኔን ስገልጥ አንዱ የመጠጥ ዝርዝር ያገላብጣል፤ ሁለቱ የሚቀጥለውን ዘፈን ለማዘዝ ታብሌቱ ላይ አጎንብሰዋል፤ አንዱ ጭራሹን ክፍሉ ውስጥ የለም። ሲያልቅ ግን ሁሉም አጨበጨቡ፤ «ጃፓንኛ ጎበዝ ነህ» አሉኝ። ጃፓን የኖረ ሰው ይህቺን ምስጋና ያውቃታል፤ ሰላም ለማለት «ኮኒቺዋ» ላለም ትሰጣለች።

ከእኔ በሁለት ዓመት የሚቀድም ተማሪ ነበር፤ እንደ አገሩ ወግ «ሰምፓይ» ነበር የምለው። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና በጆሮዬ፣ «ጥሩ ዘፈንክ። እኛስ ምን እናድርግ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሱም አልጠበቀኝም፤ ታብሌቱን ወስዶ «ሊንዳ ሊንዳ»ን አዘዘ። ዘ ብሉ ሃርትስ የሚባለው የፓንክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ዘፈን ነው። አጀማመሩ እንቅልፍ የሚያስወስድ ይመስላል፤ ድንገት ከበሮውና ጊታሩ ሲፈነዳ ግን ያ ሁሉ ጨዋ የምህንድስና ተማሪ ሶፋው ላይ ወጥቶ ይዘል ጀመር። አዝማቹ የዘፈኑ ስም ነው፤ ያኔ ሳልንተባተብ ማንበብ የምችላቸው ሦስት የካታካና ፊደላት። ማይኩ ወደ እኔ ሲመጣ እኔም ዘለልኩ። አንድ ብርጭቆ ተገለበጠ፤ ዘወር ብሎ ያየው ግን አልነበረም። ሰምፓዬ እያለከለከ፣ በዚሁ ዘፈን ስም እ.ኤ.አ. በ2005 የተሠራ ፊልም እንዳለና እዚያም ዘፈኑን የምታወጣው ኮሪያዊት ተማሪ እንደሆነች ነገረኝ። «እንግዳ የሚገባበት በር ያለው ዘፈን ነው» አለኝ።

ነገሩ ለእኔ አዲስ መሆን አልነበረበትም። እኛ ሠርግ ቤት ዘፈን የሚያወርደው ድምፀ መረዋው ብቻ አይደለም፤ ተቀባዩን የሚያነቃው ነው። ተቀባይ የሌለው አውራጅ ለብቻው የሚያወራ ሰው ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ማይክ ስይዝ ፈተና ላይ የተቀመጥኩ መስሎኝ ረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቴን ከሰምፓዬ ቀሰምኩ። መጀመሪያ፣ በሁሉም ጉሮሮ ውስጥ ያለ ዘፈን ምረጥ፤ የስፒትዝ ባንድን «ቼሪ» ወይም የሞንጎል 800 ባንድን «ቺይሳና ኮይ ኖ ኡታ» ብታነሣ ያንተ ቢበላሽ እንኳ ሌላው ያነሣልሃል። ሁለተኛ፣ አትኩራ። የጃፓን ወንድ ዘፋኞች ድምፅ ብዙ ጊዜ ቀጭንና ከፍ ያለ ነው፤ ማሽኑ ላይ ዜማውን ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አለ፤ ሁለት ሦስቴ መጫን ነውር አይደለም። ሦስተኛ፣ ዘፈኑ ለሌሎች ጩኸት ቦታ ይኑረው። ቢዝ የሚባለው ባንድ «አልትራ ሶል» እ.ኤ.አ. በ2001 ለፉኩኦካው የዓለም ውኃ ዋና ሻምፒዮና የተሠራ ዘፈን ነው፤ የሚታወሰው ግን ሁሉም እጁን አንሥቶ በአንድ አፍ በሚጮህባት አንዲት ቅጽበት ነው። የሚያለቅስ ዘፈን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይደርሳል።

ካራኦኬ ማለት «ባዶ ኦርኬስትራ» ማለት ነው። ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1971 የሠራው ኢኖዌ ዳይሱኬ በዚያችው በቆቤ ይሠራ የነበረ መሆኑን በኋላ ሳውቅ ገረመኝ። ዘፋኝ አልነበረም፤ መጠጥ ቤት ውስጥ ደንበኛ ሲዘፍን ኪቦርድ የሚመታ አጃቢ ነበር። አንድ ደንበኛው ለጉዞ አብሮት እንዲሄድ ሲለምነው አልተመቸውምና አጀባውን በቴፕ ቀርጾ ሰጠው፤ ሐሳቡ ከዚያ ፈለቀ። የፈጠራ መብት አላስመዘገበበትም። እንግዲህ ነገሩን የጀመረው አውራጁ ሳይሆን ተቀባዩ ነው።

በመጋቢት የሰምፓዬ መሰናበቻ ሆነ። «ሰንሴ» የምንላቸው መምህራችንም መጡ፤ ማይኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ኤንካ ከሚሉት የትካዜ ዘፈን አንድ የቆየ ዘፈኑ። ሳላስበው ከሥር ማንጎራጎር ጀመርኩ። ቃሉን አላውቀውም፤ ዜማው ወዴት እንደሚታጠፍ ግን ቀድሜ አውቃለሁ። ብዙው ኤንካ «ዮናኑኪ» በሚሉት ቅኝት ይሠራል፤ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የተተዉበት ማለት ነው። የእኛም ትዝታ እነዚያኑ ሁለቱን ትቶ በአምስት ድምፅ ይሄዳል።

«አገርህ ኤንካ አለ እንዴ?» አሉኝ ሲጨርሱ።

«አለ ሰንሴ፤ ስሙ ትዝታ ነው» አልኳቸው።

በማግስቱ ንጋት በመጀመሪያው ባቡር ተለያየን። የሁላችንም ድምፅ ጠፍቶ ስለነበር ሰምፓዬን የተሰናበትኩት እጄን በማወዛወዝ ብቻ ነው።

ወደዚያ የምትሄድ ወንድሜ፣ «ሊንዳ ሊንዳ»ን አጥናና ሂድ። «ሳኩራዛካ» ካማረህ ደግሞ ለብቻው መዝፈን ለሚፈልግ ሰውም ክፍል ያከራያሉ።