የጎሬ ዓመት

ከመቱ ወደ ጎሬ የሚያወጣው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገደኛው የቡናውን ጫካ አልፎ ኮረብታው ላይ ሲወጣ ጸጥ ያለች ከተማ ትቀበለዋለች። ቡናዋን በበቅሎ ወደ ጋምቤላ፣ ከዚያም በባሮ መርከብ ወደ ሱዳን ትልክ የነበረችው ይህች ከተማ በ1928 ዓ.ም. ከባድ አደራ ወደቀባት። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ በፋሽስት እጅ ስትገባ የነጻው መንግሥት መጠጊያ ጎሬ ሆነች፤ ራስ እምሩም እንደራሴ ሆነው መጡባት።

ወጣቱ ምሁርም አልተኛም። በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ሰኔ ላይ በነቀምት አቅራቢያ፣ ቦናያ ላይ የጠላትን አውሮፕላኖች አቃጠለ። በደንቡም ገበሬውና ምርኮኛው እንዳይበደሉ ደነገገ። ድንጋጌው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የገባርነት ቀንበር ያስመረረው የምዕራቡ ገበሬ ልቡ ተከፍሎ ነበርና።

ኅዳር 1929 ጎሬ ተያዘች። ጳጳሷ አቡነ ሚካኤል ለወራሪው አልገዛም በማለታቸው ተረሸኑ። ታኅሣሥ ላይ ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተሠዉትን አቡነ ጴጥሮስን ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው በ«የደም ድምፅ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ለመድረክ አብቅተዋቸዋል። የጎሬውን ሰማዕትስ ማን ይጻፋቸው? የመቱ መምህርና የመቱ ተዋናይ ከደጃቸው ያለውን ታሪክ ካላነሡት፣ ከሩቅ መጥቶ የሚያነሣላቸው አይኖርም። ጀግንነቱን ሲጽፉም የገባሩን ቅሬታ አይዝለሉት፤ የዚያ ዓመት እውነት ሁለቱንም ይዟልና።