መክፈሉስ ቀለለ፣ ማካፈሉን ማን ያቅልልን?

በከተማችን ሰው የሚጣላበት ነገር ሞልቷል። መሬት አለ፣ ውርስ አለ፣ ኳስ አለ። እኛ ግን ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያደግን ልጆች ስለሆንን አንድ ነገር በሙሉ ልብ እንነግራችኋለን፦ የመብራት ሒሳብ የመጣ ዕለት የሚነሳውን ጭቅጭቅ የሚያህል የለም። የገበያው ጫጫታ እንኳ ሲመሽ ይበተናል። የቆጣሪ ጭቅጭቅ ግን እስከሚቀጥለው ወር ይከርማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢያችን አሥራ አንድ በር አለው፣ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የውሃውም እንደዚያው። ባለቤትም አለ፣ ተከራይም አለ፣ «ዘመድ ነኝ» ብሎ መጥቶ ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ እንግዳም አለ። ወሩ ሲሞላ አንድ ቁጥር ይመጣል። ያንን አንድ ቁጥር ለአሥራ አንድ በር መበተን የገንዘብ ያዣችን ሥራ ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፣ ምስጋናም እንደዚሁ። ያላቸው ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው፤ በየበሩ እያንኳኩ «ልጄ፣ ያቺን ነገር» ይላሉ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ «የእኛ ቤት የየራሱ ቆጣሪ አለው» ብላችሁ እንዳትስቁብን። ደረጃው ላይ የሚበራው አምፖል የማን ነው? ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕስ? የጥበቃው ደመወዝስ? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ (ቁጥር 370/1995) የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚባለውን ያመጣው የጋራውን በጋራ ለማስተዳደርና ወጪውንም ለመጋራት ነው። አዋጁ ማኅበሩን ፈጠረ። ደብተር ይዞ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣውን ኮሚቴ ግን ፈጣሪ ይርዳው!

መቼም ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው፣ አይደል? አዲስ አበቦች በ2005 ዓ.ም. «ለሁሉ» የሚባል ማዕከል ተከፍቶላቸው የመብራት፣ የውሃና የስልክ ሒሳባቸውን አንድ ቦታ መክፈል ጀመሩ። በግንቦት 2013 ደግሞ ቴሌብር መጣ። ዛሬ ጋሼ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ የግቢውን መብራት ይከፍላሉ። ሰልፍ የለም፣ ታክሲ የለም። እሰየው ነው!

ግን ልብ በሉ። የቀለለው መክፈሉ ነው። ማካፈሉ አሁንም እዚያው ደብተር ላይ ነው ያለው። ስልኩ ለግቢው በሙሉ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን «እናንተው ተነጋገሩ» ብሎ ይተወዋል።

የአምፖል ሒሳብ

ድሮ የምንካፈለው በአምፖል ነበር። ሁለት አምፖል ያለው ሁለት እጅ፣ ሦስት ያለው ሦስት እጅ ይከፍላል። አባቶቻችን ይህን ሲያወጡ ቤት ውስጥ ያለው አምፖል ብቻ ስለነበር ትክክል ነበሩ። ዛሬ ግን ፍሪጅ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ከሁሉም በላይ ምጣድ አለ።

እስቲ አብረን እናስላው። 9 ዋት የሆነች ኤልኢዲ አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ብትበራ በወር 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቀን የተጋገረበት ምጣድ ያቺን አምፖል ከአምስት ወር በላይ ያበራታል። በአምፖል መካፈል ማለት እንግዲህ በጉን በቀንዱ መመዘን ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ሲሆን ርካሹም እሱ ነው፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ብቻዋን 40 የምትጠቀም ሴት የራሷ ቆጣሪ ቢኖራት ከታችኛው ደረጃ አትወጣም ነበር። አሥራ አንድ ሆነን አንድ ቆጣሪ ላይ ስንንጠለጠል ግን ሁላችንም ተያይዘን ላይኛው ደረጃ እንወጣለን። በዚያ ላይ በመስከረም 2017 የጀመረው የታሪፍ ማስተካከያ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል የተሠራ ነው። ጋሼ ያለፈውን ዋጋ ሸምድደው ሳይጨርሱ አዲሱ ይደርሳል።

ደብተሩ ሲጠፋ

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ግቢያችን ተበተነ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ በሩ አለ፣ ቆጣሪው አለ፣ ደብተሩ የለም። ማን ከፍሏል፣ ማን ቀርቶበታል፣ የጋራው ሣጥን ውስጥ ስንት ነበር… የሚያውቅ የለም። «ከፍዬ ነበር» ያለ ሁሉ መታመን ነበረበት። ጎረቤት ጎረቤቱን በጎን ማየት የጀመረው ያኔ ነው።

እኛም ሦስት ሆነን ተነሳን። ሁለታችን ኮምፒዩተር ተምረናል፣ አንዳችን ኤሌክትሪክ እንሠራለን። መጀመሪያ በየበሩ ትንንሽ ንዑስ ቆጣሪ ገባ። ቀጥሎ ስልክ ላይ የሚከፈት የኤክሴል ሰንጠረዥ ሠራን። አሠራሩ ቀላል ነው። ጋሼ የአሥራ አንዱን ቆጣሪ ንባብ ያስገባሉ፣ ከዋናው ሒሳብ ላይ ጠቅላላውን ብርና ጠቅላላውን ኪሎዋት ሰዓት ይጽፋሉ። ሰንጠረዡ ብሩን ለኪሎዋት ሰዓቱ አካፍሎ የወሩን አማካይ ዋጋ ያወጣል፤ ስለዚህ ታሪፉ ቢቀየርም እሱ አይደናገጥም። ዋናው ቆጣሪ 320 ብሎ የትንንሾቹ ድምር 300 ቢሆን፣ 20ዋ የግቢው መብራትና በሽቦ ላይ የሚባክነው ናት፤ ለአሥራ አንዱ እኩል ትከፈላለች።

ይህን ሁሉ የሠራነው በሁለት ቅዳሜ ነው። ስምምነቱ ግን ሦስት ወር ፈጀ!

ለምን መሰላችሁ? ሰንጠረዥ «እንደ ሁኔታው» የሚባል ነገር አይገባውም። ውሃው በበር ይሁን በራስ? በራስ ከሆነ ሕፃን ይቆጠራል? (የሕፃን ጨርቅ የሚያጥብ ሰው «ሁለት ጊዜ ይቆጠር» አለ።) ለሳምንት የመጣ እንግዳስ? ለውዱ የሚሆነው ውሃስ? ሐጂ ጢማቸውን እየዳበሱ «ለውዱ ውሃ ማብዛት ድሮም አይወደድም፤ እንደ ሰው ቁጠሩኝ» ብለው ገላገሉን። ድሮ በየወሩ የምንጣላበትን ሁሉ አንድ ጊዜ ተጣልተን ጻፍነው። የቅሬያችን ሕግ እንኳ እንደዚህ አልተመከረበትም።

ቀጥሎ የመጣው የክፍያው ነገር ነው። ናይሮቢ ውስጥ ተከራይ በኤምፔሳ ሲከፍል የቤቱን ቁጥር እንደ ሒሳብ ቁጥር አድርጎ ያስገባል፤ ገንዘቡ ስሙን ይዞ ይደርሳል። እኛ ጋ ግን ወንድሙ ከሳውዲ ልኮለት የሚከፍል አለ፣ በጓደኛው ስልክ የሚልክ አለ። ጋሼ «ይሄ ደግሞ ማነው?» እያሉ ያመሻሉ። ስለዚህ ባንክ ሲላክ «ምክንያት» በሚለው ቦታ የበር ቁጥር ብቻ ይጻፍ ተባለ። ይኸው ነው፤ ከሰንጠረዡ ቀመር ሁሉ ይበልጥ የጠቀመን ይህች ቁጥር ናት።

ኢንተርኔት ላይ ለምን አልሰቀላችሁትም የምትሉን አትጠፉም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። የእኛ ሰንጠረዥ ስልክ ውስጥ ስለሆነ ያለ መረብ ይሠራል፤ በየወሩም ታትሞ አንድ ቅጂ ይቀመጣል። ቴሌብርም ቢሆን በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይከፈላል። ደብተር የጠፋበት ሰው ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ይማራል።

ደብተሩ ውስጥ ያልተጻፈው

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። በግቢያችን ጥግ ላይ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እትዬ አለች። በአምፖሉ ዘመን የምትከፍለው የሁለት አምፖል ነበር። ሰንጠረዡ በመጀመሪያው ወር የእሷን ድርሻ ሲያወጣ ስልኩን ይዘን ዝም አልን። ከግቢው ፍጆታ ትልቁን ቁራጭ የያዘው የእሷ በር ነው።

ጋሼን ስናሳያቸው አልደነገጡም። «ድሮም አውቀዋለሁ» አሉ። «ሁሉም ያውቀዋል። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ማንም አንስቶት አያውቅም።»

ለካ ያ ስሌት የማያውቅ የመሰለን ደብተር ሌላም ነገር ይዞ ኖሯል። ግቢው ሳይናገር ይረዳት ነበር። እኛ ደግሞ ያንን ዝምታ በቁጥር ጻፍነው። ቁጥር አንዴ ከተጻፈ በኋላ አላየሁም ማለት አይቻልም፤ ሁለት ቤቶች ያኔውኑ ማጉረምረም ጀመሩ።

ስብሰባው ላይ እትዬ ራሷ ተነሳች። «ልጆቼ፣ የሰው መብራት አልበላም። የምጋግርበትን እከፍላለሁ። ግን በወር አንዴ ይህን ያህል ብር ከየት አመጣለሁ? የእኔ ገንዘብ የዕለት ነው» አለች። እውነቷን ነው። እንጀራ በየቀኑ ይሸጣል፣ ሒሳቡ ግን በወር ይመጣል። እኛ ያላየነው ይህንን ነበር።

መፍትሔው ከዚያው ከሰንጠረዡ ወጣ። በደብተር ዘመን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መቀበል ጋሼን ይገድላቸው ነበር፤ ስንት ጊዜ ይጻፍ፣ ስንት ጊዜ ይደመር? ለሰንጠረዡ ግን አራት ጊዜ መክፈልና አንድ ጊዜ መክፈል ልዩነት የለውም። ስለዚህ እትዬ በየሳምንቱ ትልካለች፣ ወሩ ሲያልቅ ተደምሮ ይጠብቃል። የግቢውን መብራትና የጥበቃውን ድርሻ ደግሞ አሥሩ በሮች ተካፈሉላት፤ ድሮ በዝምታ የነበረው ዛሬ በቃለ ጉባኤ ተጽፏል። እንጀራዋንም ሃምሳ ሳንቲም ጨመረችበት። የሚገዛት ራሱ ግቢው ስለሆነ ማንም አልጮኸም።

አንድ ነገር ግን በጋራ ከለከልን። የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ በር ላይ አይለጠፍም። የሚለጠፈው ጠቅላላው ሒሳብና የማካፈያው ሕግ ነው። የየበሩን ቁጥር ባለ በሩና ጋሼ ብቻ ያያሉ። ዕዳን በአደባባይ መስቀል ለማሽን ቀላል ነው፤ ነገ ለቅሶ ላይ አብሮ ለሚቀመጥ ጎረቤት ግን ቀላል አይደለም።

እንግዲህ በየግቢያችሁና በየብሎካችሁ ኮሚቴ የሆናችሁ፣ ወይም ደብተር የያዘ አባት ያላችሁ ሁሉ፣ አብሽሩ። ሰንጠረዡን የሚሠራ ልጅ በየሰፈሩ አይጠፋም። ከዚያ በፊት ግን ደብተሩን ገልጣችሁ ያልተጻፈው ምን እንደሆነ ጋሼዎቻችሁን ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።