ጅማን አልጄሪያ ያስገባው ፋይል

ሰሞኑን ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ የዋዝም ሞጁሉ ቫሊዴሽን አልፏል፤ ፕሮዳክሽን ላይ ልልቀቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቆይ» ብቻ አልኩት። ለምን ቆይ እንዳልኩት በስልክ ጽፌ የምጨርሰው ስላልሆነ እዚህ ላውጋችሁ። የኮምፒውተር ሰው ያልሆናችሁ ወዳጆቼም አትለፉት፤ ወሬው የቡና ነው፣ የአጋሮ።

ዌብአሴምብሊ፣ በአጭሩ ዋዝም፣ በተለያየ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ወደ አንድ ዓይነት ትንሽ ፋይል ተቀይሮ ብሮውዘር ላይም ሰርቨር ላይም ሳይለወጥ እንዲሠራ የሚያደርግ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ ይቀበሉታል። እኛ የወደድነው በሌላ ምክንያት ነው፤ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ በቴሌግራም ይላካል፣ አሮጌ ስልክ ላይም ይሠራል።

አጋሮ አካባቢ ላለ አንድ የገበሬዎች ማህበር ሥራ ስናግዝ ነው ነገሩ የመጣው። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውን የደን ጭፍጨፋ ደንብ ሰምታችሁ ይሆናል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል እንጂ አልቀረም። ወደዚያ የሚገባ ቡና ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት ይላል። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው ይለካል፤ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከነጥቡ ኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይዞ። የእኛ አካባቢ ገበሬ ማሳ 4 ሄክታር የት አግኝቶ! ስለዚህ ሥራው ወጣቶችን ስልክ አስይዞ ከማሳ ማሳ መዞር ነው።

እኔም አንድ ሳምንት አብሬያቸው ዞሬያለሁ። አንድ ሽማግሌ ስልኩን ደጋግመው እያዩ በኦሮምኛ «ባርሲሳ፣ ይሄ ነገር መሬቴን ወዴት ነው የሚወስደው?» አሉኝ። እኔም ሳቅ ብዬ «የትም አይወስደውም፣ አባቴ፤ እዚሁ ነው የሚጽፈው» አልኳቸው። ይቺን ቃሌን ያዙልኝ።

ሞጁሉ የሚሠራው ቀላል ነው። ነጥቦቹን ይቀበላል፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበውን ይጥላል፣ ከዚያ ጂኦጄሰን በሚባለው ቅርጽ አዘጋጅቶ ያወጣል። የጻፈው ጎበዝ ልጅ ነው። መርማሪው እኔ ነበርኩ። አዲስ ስሪት በመጣ ቁጥር እኔ ሳላየው ወደ ስልኮቹ አይሄድም።

ምርመራዬን ደግሞ እኮራበት ነበር። መጀመሪያ የፋይሉን የመጀመሪያ ስምንት ባይት አያለሁ፤ አንድ ዜሮ፣ ከዚያ ኤ፣ ኤስ፣ ኤም የሚሉት ፊደላት፣ ከዚያ የስሪት ቁጥር 1። ቀጥሎ ቫሊዴተሩ ይገባል። እሱ ፕሮግራሙን አያሮጠውም፤ ያነበዋል እንጂ። እያንዳንዱ ክፍል ባለው ርዝመት ልክ መሆኑን፣ እያንዳንዱ ትዕዛዝ የሚፈልገውን ዓይነት ቁጥር ማግኘቱን፣ ዝላዩ ሁሉ ትክክለኛ ቦታ ማረፉን ያረጋግጣል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አጋሮ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜ ግማሽ ላይ የተቆረጠ ፋይል ደርሶን ሁለቱንም በሰከንድ ነው የጣለልን።

ግን ቫሊዴተሩ ዝም የሚላቸው ነገሮች አሉ፤ እነሱን በእጄ ነው የማየው። ዋናው ሞጁሉ ከውጭ የሚጠይቀው ነው፣ ኢምፖርት የሚባለው። ዋዝም ካልሰጠኸው በቀር ፋይል አይከፍትም፣ ኔትወርክ አይነካም። ስለዚህ የሚጠይቀውን ዝርዝር ማንበብ አንድ እንግዳ ቤትህ ሲመጣ የየትኛውን ክፍል ቁልፍ እንደፈለገ እንደማወቅ ነው። ማሳ ለመመዝገብ የመጣ ሞጁል የኔትወርክ ቁልፍ ከጠየቀ «ለምን?» ይባላል። ከዚያ ማህደረ ትውስታ አለ፤ በ64 ኪሎባይት ገጽ ነው የሚቆጠረው፣ ጣሪያ ካልተጻፈለት በተለመደው ባለ 32 ቢት አሠራር እስከ 4 ጊጋባይት ልደግ ማለት ይችላል። የእኛ ስልኮች ሁለት ጊጋባይት እንኳ ይቸግራቸዋል። ገና ሲጫን ሳይጠራ ራሱ የሚነሳ ስታርት የሚሉት ፈንክሽን መኖር አለመኖሩንም አያለሁ። ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ መግባቱን ቫሊዴተር ሊያውቅ አይችልም፤ ሰርቨር ላይ ዋዝምታይም «ነዳጅ» ቆጥሮ ይሰጠዋል፣ ሲያልቅበት ይቆማል። ስልክ ላይ ዎርከር ውስጥ አስገብተን ሰዓት እናስርበታለን።

(አሯሯጩን ራሱንም ማደስ አትርሱ። ዋዝምታይም ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 ቫሊዴሽን ያለፈ ሞጁል ከተፈቀደለት ማህደረ ትውስታ ውጭ እንዲያነብና እንዲጽፍ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። ቶሎ ደፈኑት፤ ግን ያላደሰ ሰው አልተደፈነለትም።)

አዲሱ ስሪት ይሄን ሁሉ አለፈ። አንድም ኢምፖርት አልጨመረም፣ ጣሪያው አለ፣ ስታርት የለም። «ይለቀቅ» አልኩ።

በማግስቱ ማምሻውን የማህበሩ ጸሐፊ ደወለች። ፋይሉ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ነው። «ቲቸር፣ ማሳዎቻችን ባህር ዳር ሄደዋል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ከተማዋን መስሎኝ «ጎጃም? እንዴት ሆኖ?» አልኩ። «አይ፣ ባህር ዳር! ባህር ዳርቻ! ሌላ አገር!» ስክሪኑን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከሦስት መቶ በላይ ነጥብ፣ አልጄሪያ፣ አናባ ከምትባለው የወደብ ከተማ ወረድ ብሎ ተሰጥቷል።

ልጁ ያደረገው እንዲህ ነው። ሰው ሲናገር ኬክሮስን ያስቀድማል፤ አጋሮ ወደ 7.85 ሰሜን፣ 36.6 ምሥራቅ ነው። ጂኦጄሰን ደግሞ ኬንትሮስን ነው የሚያስቀድመው። የድሮው ኮድ በትክክል ገልብጦ ነበር፤ ልጁ የተሳሳተ መስሎት «አስተካከለው»። 36.6 ሰሜን፣ 7.85 ምሥራቅ ብላችሁ ካርታ ላይ ፈልጉ እስኪ።

ቫሊዴተሩስ? ለእሱ ሁለቱም ኤፍ64 ናቸው። ኤፍ64 ሲጠበቅ ኤፍ64 መጣ፤ በቃ፣ ጤነኛ ነው። አልዋሸም። እሱ የሚጠብቀው ስልኩን ነው፤ ስልኩ ደግሞ ምንም አልሆነም። የነጥቡ ባለቤት ግን ቡናው ገዢው ጋ ሲደርስ «ይሄ ከየት የመጣ እንደሆነ አይታወቅም» ተብሎ ወደ ጎን ሊደረግበት ነበር። እኔ ለሽማግሌው «የትም አይወስደውም» ያልኩት መሬት ሜዲትራኒያን ዳር ሄዶ ሊያድር ምንም አልቀረው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደኝ የቡና ምርመራን ሳስብ አደርኩ። የእኛ አገር ደረጃ አሰጣጥ ከመቶ 40ውን ለጥሬው፣ 60ውን ለስኒው ነው የሚሰጠው። ጥሬው ላይ እርጥበቱ ይለካል፣ የተሰበረውና ነቀዝ የበላው ይለቀማል፣ ይሸተታል። ከዚያ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይቀመሳል። ትሪ ላይ ያማረ ሆኖ ስኒ ላይ አፈር አፈር የሚል ቡና አለ፤ አልጋ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ። እኔ ያደረግሁት ጥሬውን አገላብጬ አይቶ ሳይቀምሱ ደረጃ መስጠት ነበር። ያውም ጅማ ተቀምጬ!

አሁን እቀምሳለሁ። መልሳቸውን የማውቃቸውን ነጥቦች ለድሮውም ለአዲሱም ሞጁል እሰጥና ውጤታቸውን አስተያያለሁ፤ ከተለያዩ የጻፈው ልጅ ምክንያቱን ይነግረኛል። ሌላው የጂኦግራፊ ስጦታ ነው። ኢትዮጵያ ኬክሮሷ ከ3 እስከ 15፣ ኬንትሮሷ ከ33 እስከ 48 ነው፤ ሁለቱ የትም አይነካኩም። ስለዚህ በአንድ መስመር ኮድ የተገላበጠ ነጥብ ሁሉ ይያዛል። እንደ ቱርክ ያለ አገር ቢሆን ኖሮ ቁጥሮቹ ስለሚደራረቡ የተገላበጠው ነጥብ እዚያው አገር ውስጥ ሊያርፍ ይችል ነበር።

አንድ ተንኮል ደግሞ ጨምሬያለሁ። ኬክሮስን አይ32፣ ኬንትሮስን አይ64 አደረግነው፣ ሁለቱንም በሚሊዮን አባዝተን። ምንም የሒሳብ ምክንያት የለውም። ግን አሁን ሞጁሉ ውስጥ ቦታቸውን ያቀያየረ ሰው ቫሊዴተሩ ራሱ ይጮህበታል። የባህል ሰዎች «አስቀያሚ ነው» ብለውኛል። አዎ፣ አስቀያሚ ነው።

ተማሪዬ ሆይ፣ «ቆይ» ያልኩህ ለዚህ ነው። ሞጁልህን የሚታወቅ ነገር አጠጣውና ምን እንደሚያወጣ ላክልኝ።

ፋይሉ በዚያው ሌሊት ተስተካክሎ ጠዋት ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌው ጋ ተመልሼ የማሳቸውን ነጥብ ስልኩ ላይ አሳየኋቸው። ካርታውን አጥብቀው አዩ። «ይሄ ዋንዛዬ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው። ቀጥለው ጣታቸውን ትንሽ ወደ ቀኝ አንቀሳቅሰው በእሳቸው ስም የተመዘገበ ሌላ ነጥብ ነኩ። «ይሄኛው ግን የወንድሜ ነው። ማነው ለእኔ የሰጠው?»

ደብተሬን አወጣሁ።