የጥር ፀሐይ በጎንደር

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሯትን ጎንደርን በጥር ወር የሚጐበኝ መንገደኛ፣ ከግንቦቿ አስቀድሞ የሚማርከው ሰማይዋ ነው። ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርሌ ጠርቶ ይታያል፤ ንጋቱ ጋቢ ያስደርባል። ረፋድ ሲሆን ግን ሽማግሌው ከቅጥር ሥር፣ ሕፃኑ ከእናቱ ጕልበት ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲሞቅ ማየት ደስ ያሰኛል። ፈጣሪ ፀሐይን ለብርሃን ብቻ አልሰጠንም፤ ለአጥንት ጽናት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ዲ በቆዳችን ውስጥ የሚገኘው በእርስዋ ነው።

በከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ቀን፣ ታቦታቱ በካህናት ዝማሬ ታጅበው ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ የሚሞላው ይህ ሰፊ ገንዳ፣ ሥሮቻቸው የድንጋዩን ቅጥር ጨብጠው በያዙ ታላላቅ ዛፎች የተከበበ ነው። በማግሥቱ ማለዳ ውሃው ተባርኮ በሕዝቡ ላይ ይረጫል፤ ከዚያም ምእመናን ታቦታቱን አጅበው ረጅሙን መንገድ በፀሐይ ይመለሳሉ። በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረውም ይኸው የጥምቀት በዓላችን ነው።

በዚህ ደስታ መካከል ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ ቆዳን የሚያቃጥለው፣ በዐይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሙቀትና ጨረር አንድ አይደሉምና፣ የደጋው ነፋስ ሲያቀዘቅዘን ቃጠሎው ሳይታወቀን ይውላል። የጠየመ ቆዳ ከነጣው ይልቅ ጋሻ አለው፤ ይሁን እንጂ ጋሻው ሁሉን አይመክትም። ማዲያትን የሚያብሰው፣ ፊትንም ያለ ጊዜው የሚያሸበሽበው ይኸው ጨረር ነው።

አባቶቻችን የጥላቸውን ርዝመት በጫማ እየለኩ ሰዓትን ያውቁ ነበር። ያው ጥላ ዛሬም ይመክረናል። ጥላችን ከቁመታችን ሲያጥር ጨረሩ በርትቷልና እንጠለል፤ ሲረዝም ደግሞ በፀሐይዋ ደስ ይበለን። በተለይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት መጠንቀቅ ይገባል። ነጠላ ስስ ስለ ሆነ ደረብ አድርገው ይከናነቡት፤ ጃንጥላም ለአረጋውያንና ለሕፃናት ይዘርጋ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥሩ ከ30 የማያንሰውን ይምረጡ፤ በየ2 ሰዓቱም እንደ ገና ይቀቡት። ጠበሉ ቅባቱን ያጥበዋልና ከተረጩ በኋላም መድገም ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብላቸው የሚገቡ ልጆች አሉ። ሐኪሞች አልቢኒዝም በሚሉት ምክንያት የቆዳ ቀለም ሳይኖራቸው የተወለዱ ልጆች ያ ጋሻ የላቸውም። ካልተጠበቁ ቆዳቸው ይቃጠላል፣ ይቈስላል፤ ውሎ አድሮም ለካንሰር ይጋለጣል። ዐይናቸውም ብርቱ ብርሃን አይችልም። ይህን ፈርተው፣ ወይም የጎረቤትን አፍ ሸሽተው፣ ልጃቸውን በበዓል ቀን ከቤት የሚያስቀሩ ወላጆች አይጠፉም። ልጁም የእልልታውን ድምፅ ከግድግዳ ወዲህ ሆኖ ይሰማል።

ይህ ግን ሊሆን አይገባም። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ልብስ፣ ጥቁር መነጽርና ቅባት ካለው፣ ከእኩዮቹ ጋር በዛፎቹ ጥላ ሥር ቆሞ ታቦቱን ሊሸኝ ይችላል። ቤት ከሚዘጋበት ይልቅ ጃንጥላ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። እኛም ቀድመን መጥተን ከዛፉ ሥር ስፍራ የያዝን እንደ ሆነ፣ እንዲህ ያለው ልጅ ከእናቱ ጋር ሲመጣ ፈቀቅ ብለን ጥላውን እናካፍለው፤ የጥምቀት ደስታ የእርሱም ነውና።