ቤትን የሚያቆም እጅ

ስለ ቅርስ በተነሣ ቁጥር አእምሮ ፈጥኖ የሚሮጠው ወደ አክሱም ሐውልት፣ ወደ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና ወደ ጎንደር አብያተ መንግሥት ነው። ይህም የሚያስገርም አይደለም። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም.፣ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ደግሞ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩ ወዲህ የአገር ኩራት መለኪያ ሆነው ኖረዋል። ሆኖም ከዚሁ ኩራት ጎን አንድ ስውር ጉዳት አብሮ አድጓል፤ ይኸውም ታላቅ ያልሆነ ሁሉ ቅርስ አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ነው። ንጉሥ ያላሠራው፣ ጎብኚ ያልመጣለት፣ ሥዕሉ በፖስታ ካርድ ያልታተመ ቤት ሲፈርስ ጠያቂ የለውም። የትንንሽ ከተሞች መልክ የሚጠፋው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ደንበጫን አልፎ የሚጓዝ መንገደኛ መጀመሪያ ፍኖተ ሰላምን፣ ቀጥሎም ቡሬን ያገኛል። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም የዛሬ ስሟ በግእዝ የሰላም ጎዳና ማለት ነው። ቡሬ ደግሞ ጎጃምን ከዓባይ ማዶ ከወለጋ ጋር በሚያገናኘው መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ በበርበሬዋና በእህሏ የምትታወቅ የገበያ ከተማ ናት። ሁለቱም የነገሥታት ግንብ የላቸውም፤ ታሪክ ግን አላቸው። በ1933 ዓ.ም. የጎጃም አርበኞችና በዊንጌት ይመራ የነበረው የጌዴዎን ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጣቸው የነበረውን የኢጣልያ ጦር አስጨንቀው፣ በየካቲት ወር መጨረሻ የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደንበጫ እንዲያፈገፍግ አድርገውታል። ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው በር የተከፈተው እንዲህ ባሉ ከተሞች በኩል ነው።

የእንዲህ ያለች ከተማ መልክ በአንድ ሕንጻ አይገለጽም። መልኳ የቤቶቿ አሰላለፍ ነው፤ ከመንገዱ ጋር ጎን ለጎን የቆመው ሱቅ፣ ለገበያተኛው ከፀሐይና ከዝናብ መጠለያ የሆነው በረንዳ፣ ከሱቁ በስተጀርባ ያለው ጓሮ፣ ከዛፎች መካከል ብቅ የሚለው የደብሩ ጉልላት ነው። አብዛኛው ቤት የተሠራው ከእንጨትና በጭድ ከተቦካ ጭቃ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ደካማ የሚመስለው ጠባዩን ለማያውቅ ብቻ ነው። ከላይ ውሃ፣ ከታች ምስጥ ካልገባበት የልጅ ልጅ ይወርሰዋል። አንድ የቆርቆሮ ሉህ ተገንጥሎ አንድ ክረምት ካለፈበት ግን ማገሩ ይበሰብሳል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ ምሰሶው ያዘምማል። ስለዚህ የጭቃ ቤት ዕድሜ የሚለካው በተሠራበት ዘመን ሳይሆን በየዓመቱ በሚያገኘው እጅ ነው።

ይህን እውነት ከማንም በላይ ጠብቆ ያቆየው የገጠሩ ሕዝብ ነው። የጎጃም ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክበቦች አሉት፤ በውጭ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ በመካከል መቅደሱ። የመቅደሱ ግድግዳ በሸራ ላይ ተሥለው በተለጠፉ ሥዕሎች ይሸፈናል። በሣር ክዳኑ አናት ላይ የሰጎን እንቁላል የተሰካበት መስቀል ይቆማል። ሣር ግን ዘላቂ አይደለም። ክዳኑ ባረጀ ጊዜ ምእመኑ ሰንበሌጥ አጭዶ፣ ቀርከሃና ልጥ ተሸክሞ፣ በደቦ ወጥቶ ይከድናል። ሽማግሌው ያስራል፣ ጎረምሳው ያቀብላል፣ ሴቶች ጠላውንና እንጀራውን ያደርሳሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ጎረምሳ ማሰርን ያውቃል። አንድ ጣሪያ በታደሰ ቁጥር አንድ የከዳኞች ትውልድ አብሮ ይሠራል። ደብሩን ያቆየው እንግዲህ ዕቃው ሳይሆን ይህ ልማድ ነው፤ ዕቃውማ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል።

ዛሬ የሣሩን ቦታ በብዙ ደብር ቆርቆሮ ወስዶታል። ይህን መንቀፍ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ቀላል ነው። የግጦሽ መሬት ታርሶ ሣር በጠፋበት አገር በየጊዜው ክዳን መለወጥ ለገበሬው ከባድ ዕዳ መሆኑ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጣሪያም ሥዕሉን የሚያጠፋ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቆርቆሮ ከተመታ በኋላ ለረጅም ዘመን ጣሪያውን የሚያይ አይኖርም፤ ከዳኙም ሙያውን ለማን እንደሚያስተምር ያጣል።

የከተማው ቤት ደግሞ እጁን ያጣው በሌላ መንገድ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራይንም ቀነሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር የማይበልጠውን ቤቶች እንዲያስተዳድሩ ኀላፊነት የተሰጣቸው ቀበሌዎች ነበሩ። አዋጁ ብዙ ድኻ ከኪራይ ጫና አላቅቋል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን በትንሿ ኪራይ ቤቱን ማደስ አልተቻለም። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ ምስማር አልመታም፤ ቀበሌው ገንዘብ የለኝም ብሎ ጣሪያ አልወጣም፤ የቀድሞው ባለቤት ከደጅ ቆሞ ከማየት በቀር መብት አልነበረውም። ቤቱ ሦስት አሳዳሪ እያለው የሙት ልጅ ሆነ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የሊዝ ሥርዓት ደግሞ ለቦታው ዋጋ ሰጠው፤ በላዩ ለቆመው አሮጌ ቤት ግን አልሰጠውም። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ቤት የጥሩ ቦታ ሸክም ተደርጎ መታየት ጀመረ።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። ከ1958ቱ የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ጀምሮ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ማጥናትንና መጠበቅን ደንግጓል፤ የ2006ቱ አዋጅ ቁጥር 839ም ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ መድቧል። ይሁንና ሕግ የሚጠብቀው የሚያውቀውን ነው። በመዝገብ ያልሰፈረ ቤት በመሐንዲሱ ፕላን ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲካሄድ የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች በሳምንታት ውስጥ መነሣታቸው፣ ከተማ መልኩን ለመለወጥ ምን ያህል አጭር ጊዜ እንደሚበቃው ለክፍለ ሀገር ከተሞችም ጭምር አሳይቷል። መንገድ መስፋት አለበት፤ የፍሳሽ ቦይም ያስፈልጋል። ጥያቄው የሚነሣው ምን እንደሚነሣ ሳይታወቅ ሲነሣ ነው።

በዚህ ረገድ ከሌላው ዓለም የሚገኝ አንድ ትምህርት አለ። ዋርሶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በናዚዎች እጅ ስትፈርስ የጥንቱ ከተማ ወደ ፍርስራሽነት ተለወጠ። ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡ መልሶ ሊገነባው የቻለው የኪነ ሕንጻ መምህራንና ተማሪዎች ቤቶቹን ለክተው፣ ንድፋቸውንም ደብቀው ስላቆዩ፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ቤሎቶ የተዋቸው የከተማ ሥዕሎችም ስለረዱ ነው። ሜትርና እርሳስ ከመድፍ በላይ ዘለቁ። ከአገር ውስጥ ደግሞ የሐረር ጀጎል ምስክር ነው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ባዶ ሙዚየም አይደለም፤ ቤቶቹ ሰው የሚኖርባቸው፣ ነደባው እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ግድግዳው ሙዳይና ሰፌድ የሚሰቀልበት ነው። እዚያ ቤቱን የሚጠብቀው የሚኖርበት ቤተሰብ ነው።

ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ የሚሆነው መንገድም ከእነዚህ የራቀ አይደለም። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት ከተማ እንደ መሆኗ ቦታ የሚፈልገው እየበዛ፣ የአሮጌው ቤት ዕድሜ እያጠረ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ሥራው ሐውልት ከማቆም ሳይሆን ከመቁጠር ይጀምራል። የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ አንድ መንገድ ቢለካ፣ ሠዓሊ በረንዳዎቹን ቢነድፍ፣ ስለ ምሽጉና ስለ ገበያው የሚያውቁ አረጋውያን ሳያልፉ ቃላቸው ቢጻፍ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አንድ አሮጌ ቤት ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለኪነት ቡድን ቢሰጥ መዝገቡም እጁም ይገኛል። ወጣት አናጢ የጭቃ ግድግዳን በማደስ የቀን ደመወዝ ካገኘ ሙያው አይሞትም። አሮጌ ቤት የያዘ ተከራይም ለጥገና ያወጣው ወጪ ከኪራዩ ቢታሰብለት ምስማሩን ለመምታት ሌላ ስብከት አያሻውም።

የገጠሩ ምእመን ይህን ሁሉ ከብዙ ዘመን በፊት በራሱ መንገድ ፈጽሞታል። መዝገብ አልነበረውም፤ ግን እያንዳንዱ ደብር የሚከድነውን ያውቅ ነበር። ከተማውም ቤቶቹን በስም ከለየ በኋላ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው፤ ግንቦት ሳያልቅ፣ የሰኔ ዝናብ ሳይጀምር፣ መሰላል ይዞ ጣሪያ ላይ መውጣት።