ብዙ ፎቶግራፍ በአንድ ገጽ

በሀገራችን እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አልበም ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። እንግዳው «ይህ ማን ነው? ይህስ የት ነው?» እያለ ይጠይቃል፤ ባለቤቱም ይተርካል። እንግዲህ አልበም የፎቶግራፍ ማከማቻ ሣጥን ሳይሆን ለወዳጅ የሚነገር ታሪክ ነው። በዛሬው ዘመን ግን ስልካችን በአንድ ቀን መንገድ መቶ ጊዜ ፎቶግራፍ ስለሚያነሣልን፥ ሥዕሉ በዝቶ ታሪኩ ሊጠፋ ደርሷል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ወዳሉት ወደ ሰበታ፥ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ተጕዘን ያነሣናቸውን ከሁለት መቶ የሚበልጡ ፎቶግራፎች በአልበም ለማኖር በተነሣን ጊዜ፥ አስቀድሞ ያሳሰበን የወረቀቱ ጥበት ነው። ገጹ በቁመትም በወርድም 30 ሴንቲሜትር ነው። 10 በ15 የሆኑ ስድስት ፎቶግራፎች ከዳር እስከ ዳር ይሞሉታል፤ ዓይን የሚያርፍበት ኅዳግም ሆነ አንዲት ቃል የሚጻፍበት ስፍራ አይተርፍም። ስለዚህ ገጹ ላይ ጎናቸው 6 ሴንቲሜትር የሆነ 16 አራት ማዕዘኖች አሰመርን፤ በመካከላቸውም ግማሽ ግማሽ ሴንቲሜትር ተውን። የአራቱን ስፍራ ለአንድ ዋና ሥዕል ሰጠን፤ ሁለቱን ለጽሕፈት አስቀረን፤ በቀሩት 10 ትንንሽ ሥዕሎችን አኖርን። በዚህ ዓይነት በስድስት ፈንታ 11 ፎቶግራፎች ሳይጨናነቁ ገቡ።

ለቅደም ተከተሉ ደግሞ ከቀኑ ይልቅ ውሃውን ተከተልን። የሰበታ ወንዝና በቡራዩ በኩል ያለው የገፈርሳ ውሃ ወደ አዋሽ ያዘነብላሉ፤ ከእንጦጦ በስተ ሰሜን ያለው የሱሉልታ ሜዳ ግን ውሃውን በሙገር በኩል ለዓባይ ይሰጣል። ስለዚህ በሰበታ ገጽ የወጨጫ ተራራ፥ በቡራዩ ገጽ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብ፥ በሱሉልታ ገጽ የድርቆሽ ክምር ዋና ሥዕል ሆኑ። ለሦስቱ ገጾች 33 ፎቶግራፎች ተመረጡ፤ የቀሩት በስልክ ውስጥ ቆዩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጽሕፈቱ ነው። ሰበታ የታወቀ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ናት። ይህን ስናስብ፥ ጽሕፈታችን ሥዕሉን ለማያይ ሰው ቢነበብለት መንገዱን ያስረዳው እንደ ሆነ መፈተኛ አደረግነው። «ውብ ቦታ» የሚለው ቃል ፈተናውን ወደቀ፤ ስፍራውን፥ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን፥ በዚያም የሚሠራውን ሰው ሥራ የሚናገረው አለፈ።

ይህ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ሣር ይታጨድበት የነበረው ሜዳ በብዙ ስፍራ ቤት ተሠርቶበታል። ነገ ልጆቻችን ድርቆሹ የት እንደ ተከመረ ቢጠይቁ፥ ቦታው ራሱ አይመልስላቸውም። ፎቶግራፍም ቢሆን ብቻውን መልክን እንጂ ስምን አያቈይም፤ ምንም ያልተጻፈበት ሥዕል አንሺው ባለፈ ቀን ድዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚያበዛ ሰው ሁሉ፥ በገጹ ላይ ለሥዕል ከሚሰጠው ስፍራ ጥቂቱን ለብዕር ይተውለት።